ኢማም አህመድን ያገዘፉት እነማን ናቸው?

በሸዋ፣ በወሎ፣ በጎንደርና በትግራይ ገጠር የተዘዋወረ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከሜዳ መሐል ብቻውን የቆመ ትልቅ ድንጋይ አይቶ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ የግራኝ ድንጋይ ነው ይሉታል። የፈረሰ ግንብ ሲያይ ግራኝ ያፈረሰው ነው። በተራሮች መካከል ጠባብ መተላለፊያ ቢያገኝ ግራኝ በሰይፉ የሰነጠቀው ይሆናል። ግንቡ ኢማሙ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የወደቀ ቢሆንም፣ ድንጋዩንም ሰው ነክቶት የማያውቅ ቢሆንም መልሱ ያው ነው። አርባ ዓመት እንኳ ያልሞላው ሰው ይህን ሁሉ ቋጥኝ ሲያነሳና ሲጥል የሚዋጋበትን ጊዜ ከየት አገኘ? ብለን ብንጠይቅ ነውር አይሆንብንም።

በሌላው በኩል ደግሞ በእኛ በሙስሊሞቹ ቤት የሚነገር ሌላ ኢማም አለ። እሱ ተሳስቶ አያውቅም፤ ሠራዊቱ አጉረምርሞ አያውቅም፤ ወገኖቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኋላው ተሰልፈዋል። ከድንበር ማዶ፣ በሞቃዲሾ፣ በዚያድ ባሬ ዘመን በፈረስ ላይ ተቀምጦ በሐውልት የቆመ ሦስተኛ ኢማምም ነበር። ስሙ አህመድ ጉሬይ ነው፤ ሶማሌ ነው፤ ለታላቋ ሶማሊያ የተዋጋ ነው።

ለመሆኑ እነዚህን ሦስት ሰዎች ማን ሠራቸው? በእነርሱስ ሥር ተሸፍኖ የቀረው፣ እናት የወለደችው ሰው የት ሄደ? በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ይህንኑ ነው። የማነሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆኑ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ አስቀድሜ እናገራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ንጉሡ አንቱ፣ ኢማሙ አንተ ይባላሉ። አንባቢው አንዲት ፍሬ ነገር ሳያነብ ግሱ ብቻ ፍርዱን ሰጥቶት ይጨርሳል። እኔ ሁለቱንም አንተ ብያቸዋለሁ፤ ለማንኛቸውም ንቀት የለኝም።

አህመድ ኢብን ኢብራሂም አል-ጋዚ በ1506 አካባቢ በሐረር አቅራቢያ በሁበት ተወለደ። ያኔ የአዳል ሱልጣኔት ታሞ ነበር። ከወላስማ ቤተሰብ የሚነሱት ሱልጣኖች እርስ በርስ ይገዳደሉ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሰው በዙፋኑ ላይ የተፈራረቀበት ወቅት አለ። የዘይላው ገዥ ማህፉዝ በየዓመቱ በክርስቲያኖቹ የዐቢይ ጾም ወቅት ደጋውን እየወረረ ሰውና ከብት ይነዳ ነበር። ጾሙን የመረጠው ገበሬውም ወታደሩም የሚደክምበት ጊዜ በመሆኑ ነው። ይህን የጻፈው በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ነው። ማህፉዝ በ1517 አካባቢ ከአንድ መነኩሴ ጋር አንድ ለአንድ ገጥሞ ተገደለ። የአጼ ልብነ ድንግል ጦርም ወደ አዳል ወርዶ አቃጠለ፣ ማረከ። ከዚያ በፊት በ1445 ሱልጣን በድላይ በአጼ ዘርዐ ያዕቆብ ተሸንፎ ተገድሏል። እንግዲህ ጦርነቱን ኢማም አህመድ አልጀመረውም፤ ከአባቶቹ ጀምሮ ሲነድ የቆየ እሳት ውስጥ ነው የተወለደው።

ወጣቱ አህመድ ሥራውን የጀመረው ገራድ አቡን በሚባል ገዥ ሥር ፈረሰኛ ሆኖ ነው። ገራድ አቡን ሽፍታን ያሳደደ፣ መጠጥና ቁማርን የከለከለ ሰው ነበር። ሱልጣን አቡ በክር ገደለው። ሱልጣኑ መንበሩን በ1520 ወደ ሐረር ያዛወረው ሰው ነው። ገራድ አቡን ከሞተ በኋላ ሽፍታው ወደ መንገዱ፣ መጠጡም ወደ ገበያው ተመለሰ። አህመድ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ወደ ሁበት ሸሸ፤ ከሱልጣኑ ጋር ተዋጋ፤ ታረቀ፤ እንደገና ተጣላ፤ ዑለማና ሽማግሌ በመካከል ገቡ፤ እርቁም ፈረሰ። በመጨረሻ ሱልጣኑን ገድሎ ወንድሙን ዑመር ዲንን በዙፋኑ ላይ አስቀመጠ። እሱ ራሱ ሱልጣን አልተባለም። ኢማም በሚለው ስም ብቻ ገዛ፤ ሥልጣኑ ግን የሱልጣን ነበር።

እስቲ ይህችን ልብ በሉልኝ። ስለ ኢማሙ በየመስጊዱ ደጃፍ ሲወራ ይህ ክፍል ለምን አይነገርም? ሰይፉን መጀመሪያ የመዘዘው በሙስሊም ሱልጣን ላይ ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ የጻፈው ከማንም በላይ የወደደው የራሱ ጸሐፊ ነው።

ጸሐፊው ሺሃብ አድ-ዲን አህመድ ኢብን ዐብዱልቃድር ይባላል፤ አረብ ፈቂህ በሚለው ስሙ ይታወቃል። አገሩ ከቀይ ባሕር ማዶ ጂዛን ነው። መጽሐፉ ፉቱህ አል-ሐበሻ ይባላል። ከዘመቻዎቹ አንዳንዶቹን በዓይኑ አይቷል፤ የቀሩትን ከተዋጉት አፍ ሰምቶ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ፈረንሳዊው ረኔ ባሴ ዐረብኛውን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ማሳተም ጀመረ፤ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ደግሞ በ2003 ወጥቷል። ስለ ኢማሙ የምናውቀው አብዛኛው ነገር በአፈ ታሪክ ካልሆነ በቀር ከዚህ መጽሐፍ የተቀዳ ነው።

አረብ ፈቂህ አድናቂ ነው፤ አይደብቀውም። ኢማም የሚለውን ማዕረግ ከህልም ጋር ያያይዘዋል። አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሐቦቻቸው ጋር በህልሙ ሲያይ አህመድም ከፊታቸው ቆሞ ነበር፤ ሐበሻም በእሱ እጅ እንደምትስተካከል ተነገረው ይላል። ገና አንድ ከተማ ያልያዘ ወጣት በዚህ ህልም ከፈረሰኞች አለቃነት ወደ ሌላ ደረጃ ተሻገረ። የጀግናው ምስል የመጀመሪያው ጡብ እዚህ ላይ ተቀመጠ። የሁሉም ድል አድራጊ ታሪክ እንዲህ ይጀምራል፤ ለእስክንድርም ህልም አይተውለታል፣ ለዑስማንሊዎች አባትም አይተውለታል።

ነገር ግን አረብ ፈቂህ ሐቀኛም ነበር። ያን ያህል ሐቀኛ ባይሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባልቻልኩ። እንመልከት።

አዳል ለንጉሡ የሚከፍለው ግብር ከቆመ በኋላ በ1527 አካባቢ የልብነ ድንግል ሹም ድገልሃን ዘመተ፤ አህመድም አሸነፈው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1529፣ በሞጆ አካባቢ በሽምብራ ቁሬ ሁለቱ ጦር ተገናኘ። አረብ ፈቂህ እንደሚለው ንጉሡ 16 ሺህ ፈረሰኛና ከ200 ሺህ በላይ እግረኛ ነበረው፤ ኢማሙ 560 ፈረሰኛና 12 ሺህ እግረኛ። ድል ለኢማሙ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አለብን። ሁለት መቶ ሺህ ሰው ማን ቀለበው? በሽምብራ ቁሬ ሜዳስ የትኛው ወንዝ አጠጣው? ድል አድራጊ ወገን የጠላቱን ጦር ሲያበዛ እንግዳ ነገር አይደለም ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። የሚገርመው ግን የተሸናፊው ወገን ዜና መዋዕልም ይህንኑ ማድረጉ ነው። በንጉሡ ዜና መዋዕል የሐበሻ ጦር ከሦስት ሺህ በላይ ፈረሰኛና ቁጥር የሌለው እግረኛ ነበረው፤ ሙስሊሞቹ ደግሞ 300 ፈረሰኛና ጥቂት እግረኛ ብቻ ነበሩ። ማለትም የራሱን ጦር አበዛ፣ የጠላቱን አሳነሰ። ተሸናፊ እንዲህ ይጽፋል?

ይጽፋል፤ ምክንያትም አለው። ለቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ሽንፈቱ የኃጢአት ቅጣት ነበር። እግዚአብሔር ተቆጥቶ ነው እንጂ ያን የሚያህል ጦር በጥቂት ሰው አይሸነፍም ነበር ማለቱ ነው። ለአረብ ፈቂህ ደግሞ ድሉ የአላህ እርዳታ ነው፤ ጥቂቱ ብዙውን ያሸነፈው በእርሱ ነው። ሁለቱ ጸሐፊዎች ተያይተው አያውቁም፤ አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በዐረብኛ ጻፈ፤ ያም ሆኖ አንድ ዓይነት ሥዕል ሣሉ። ኢማሙ ከሰው በላይ የገዘፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ያገዘፉትም ወዳጅና ጠላት ተባብረው ነው።

ከድሉ ማግሥት ምን ሆነ? ይህንም የሚነግረን አረብ ፈቂህ ነው፤ ከሁሉ የምወድለትም ክፍል ይህ ነው። ሠራዊቱ ወደ ቤቱ ሄደ! ኢማሙ ወደ ፊት እንገስግስ ሲል ሰዉ ቆስሏል፣ ደክሟል፣ ብዙ ወገን ሞቶበታል፣ ምርኮውንም ይዟል። አባቶቻቸው የሚያውቁት ጦርነት ወርሮ መመለስን ነው፤ በሐበሻ ምድር መቀመጥን አልለመዱም። ኢማሙ እንደገና ጎሳ ለጎሳ እየዞረ፣ ሽማግሌ እያስላከ፣ እየለመነና እየቆጣ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1531 ሲመለስ ጥቂት መድፍም ይዞ ነበር። በዚያም ዘመቻ ቢሆን መመለስ አለብን የሚለው ጉርምርምታ አልቀረለትም። በሐውልት ላይ በፈረስ የተቀመጠው ሰው ይህ ሁሉ የለበትም፤ ሐውልት አይለምንም።

ስለ ባለቤቱም ልናገር። ባቲ ድል ወንበራ የማህፉዝ ልጅ ናት። ባሏ ሲዘምት ቤት አልተቀመጠችም፤ አብራው ዘመተች። ወታደሮቹ መጀመሪያ ተቃውመው ነበር። እሷ ግን ተራራው ለበቅሎ ሲያስቸግር በሰው ትከሻ እየተጫነች ሄደች፤ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ሙሐመድንና አህመድን በ1531 እና በ1533 በዘመቻ ላይ ወለደች። አፈ ታሪኩ ኢማሙን ባለ ግዙፍ ሰይፍ አድርጎ ሲሥለው፣ ነፍሰ ጡር ሚስት ይዞ ተራራ የሚወጣ አባወራ መሆኑን ዘነጋው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ይህን ዘልሎ የሚያልፍ ሙስሊም ጸሐፊ ሌሎች ስለ ኢማሙ ሲያጋንኑ የመውቀስ መብት ያለው አይመስለኝም። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም ተዘርፈው ተቃጠሉ። ሰው ተገደለ፤ ተማረከ፤ በባርነት ተሸጠ። ይህ የጠላት ስም ማጥፋት አይደለም፤ አረብ ፈቂህ ራሱ በኩራት የዘረዘረው ነው። ስለ መካነ ሥላሴ የጻፈውን ግን ቀስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ኢማሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብቶ ግድግዳውንና ጣሪያውን በወርቅና በብር ተለብጦ ሲያይ ተደነቀ። ከእሱ ጋር የነበሩትን ዐረቦች በሩምም ሆነ በህንድ ይህን የመሰለ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው፤ እነሱም አላየንም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው የተቃጠለው። ዛሬ ያ ሕንፃ ምን ያህል ውብ እንደነበረ ለማወቅ የሚፈልግ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ቢኖር፣ ከአልቫሬዝ ጋር የሚያነበው ምስክር ይህ የጂዛን ሰው ነው። በሐዘን የጻፈ አይደለም፤ ነገር ግን ዓይኑ ያየውን አልካደም።

ላሊበላም ደርሷል። አረብ ፈቂህ እንደሚተርከው በ1533 መነኮሳቱን ሰበሰበ፤ እሳት አስነድዶ ከእናንተ አንድ ከእኛ አንድ ይግባ የሚል ፈተና አቀረበ። አንዲት መነኩሲት ወደ እሳቱ ዘለለች። ኢማሙ አውጧት ብሎ አዘዘ፤ አወጧት። ንዋየ ቅድሳቱ ተወስዷል፤ ከዐለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ግን ቆመው ቀርተዋል። እኔ ይህችን ሴት ለመርሳት ተቸግሬያለሁ። ጸሐፊው ስሟን እንኳ አልጻፈም፤ ድፍረቷን ግን ሊያልፈው አልቻለም። ኢማሙንም በዚያች ቅጽበት ትዕዛዝ የሚሰጥ፣ ፈተናውን ራሱ አዝዞ ራሱ የደነገጠ ሰው ሆኖ አየዋለሁ።

ከ1531 በኋላ የኢማሙ ጦር የአዳል ጦር ብቻ አልነበረም። ብዙ የደጋ ሹማምንትና ወታደሮች ሰልመው ከእሱ ጋር ተሰለፉ። አንዳንዱ አምኖ፣ አንዳንዱ ፈርቶ፣ አንዳንዱ ሹመት ፈልጎ። ወንድም ከወንድም ጋር በተቃራኒ ጎራ ተሰለፈ። ስለዚህ ነገሩን አንድ ወገን ከውጭ መጥቶ ሌላውን እንደወረረ ብቻ አድርጎ ማየት ያስቸግራል፤ ከጊዜ በኋላ የደጋው ሰው የደጋውን ሰው ይወጋ ነበር። ኢማሙ ሲሞት ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ሃይማኖታቸው ተመለሱ። ይህ ክፍል በሁለቱም ወገን ቤት አይወደድም። ለአንዱ የአባቶቹን መስለም ያስታውሰዋል፤ ለሌላው የሰለሙት መመለሳቸውን።

አረብ ፈቂህ ትረካውን በ1535 አካባቢ አቆመ። ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፍ ቃል ገብቶ ነበር፤ ያ ክፍል አልተገኘም። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። የድሉ ዘመን ታሪክ በወዳጁ እጅ፣ የሽንፈቱና የሞቱ ታሪክ በጠላቶቹ እጅ ተጻፈ ማለት ነው። የኢማሙ ሕይወት ለሁለት የተከፈለ መጽሐፍ ነው፤ የመጀመሪያው አጋማሽ የሙስሊሙ፣ ሁለተኛው አጋማሽ የክርስቲያኑ። እያንዳንዱም ወገን የሚያነበው የራሱን አጋማሽ ነው።

በጠላቶቹ እጅ የተጻፈውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አጼ ልብነ ድንግል ከቦታ ቦታ ሲሸሽ ኖሮ በ1540 በደብረ ዳሞ ሞተ። በ1541 በክሪስቶፎር ዳጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ምጽዋ ወረዱ። በሚያዝያ 1542 ኢማሙን ሁለት ጊዜ አሸነፉት፤ እግሩንም ቆሰለ። እሱም ከየመን ከቱርኮች ጠመንጃ የያዙ ወታደሮችና መድፍ አስመጣ። በነሐሴ በወፍላ ፖርቱጋሎቹን ድል አድርጎ ዳጋማን ማረከ፤ ገደለውም። ድሉን ካገኘ በኋላ አብዛኞቹን ቱርኮች ወደ አገራቸው ሰደደ፤ ወደ ጣና አካባቢም ሄደ። የልብነ ድንግል ልጅ አጼ ገላውዴዎስ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ተባብሮ በየካቲት 21 ቀን 1543 ወይና ደጋ ላይ ገጠመው። ኢማሙ እዚያ ሞተ።

ማን ገደለው? ከዳጋማ ጋር የመጣው ካስታንዮዞ ፖርቱጋሎች በጥይት ገደሉት ይላል። የገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ደግሞ ከንጉሡ አገልጋዮች አንዱ ገደለው ብሎ ፖርቱጋሎቹን ከዚያ ክብር ይነፍጋቸዋል። የኢማሙ ራስ በየአገሩ ተዞረ፤ ሕዝቡ አይቶ መሞቱን እንዲያምን። ልብ በሉ፤ ሰው ሞቷል ቢሉት የማያምን ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ገና በሕይወት ሳለ ሰው መሆኑ ቀርቶለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የተረት ዘመን ነው። ግራኝ የሚለው ስም ተለጠፈበት። ስሙ ግራ እጁን ከቀኙ ይልቅ መጠቀሙን ብቻ የሚናገር ነበር፤ ሰው ግን ከግራ ጋር የተያያዘውን መጥፎ ነገር ሁሉ አሸከመው። አባቱ ቄስ ነበር የሚል ተረትም ተፈጠረ። ተረቱን ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል፤ ያን ያህል የበረታ ሰው ከእኛ ሳይወለድ አይቀርም የሚል አድናቆት ውስጥ ውስጡን ያለበት ይመስለኛል። እናቶች ልጅ ለማስፈራራት ስሙን ጠሩ። ገበሬው የማያውቀውን ፍርስራሽ ሁሉ በእሱ ስም ጻፈ። ንቀት ያለበት ማንም ሰው ለማንም እንዲህ ያለ ጉልበት አይሰጥም።

ዘመናዊ ትምህርት ሲመጣ ተረቱ ቀነሰ፤ መንፈሱ ግን አልቀነሰም። የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ትልቅ መጽሐፍ የግራኝ አህመድ ወረራ ይባላል። የአረብ ፈቂህ መጽሐፍ ፉቱህ፣ ማለትም መክፈት ይባላል። አንዱ ወረራ ያለውን ሌላው መክፈት አለው፤ ሁለቱም የሚተርኩት ያንኑ የ1531 ክረምት ነው። አንባቢ ሽፋኑን ሲገልጥ ማንን መውደድ እንዳለበት ተነግሮታል።

እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ስለ ግራኝ የሚነገርበት ሳምንት ሲደርስ በክፍሉ ውስጥ ያለነው ጥቂት ሙስሊም ልጆች እንገለጥ ነበር። መምህሩ ሳይናገር የክፍሉ ዓይን ወደ እኛ ይዞራል፤ በእረፍት ሰዓት አያትህ ቤተ ክርስቲያናችንን አቃጠለ የሚል አይጠፋም። አያቴ በሕይወቱ ያቃጠለው ነገር ቢኖር ከሰል ነው። የዛሬ አንባቢ ይህን ቀልድ አድርጎ ቢያየው ደስ ይለኛል፤ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ቀልድ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ በንዴት የተነሳ የደብተሩን ጀርባ በፈረሰኛ ሥዕል ሞልቶት ነበር። ግራኝ ይህ ነው ይል ነበር፤ ሰይፉ ከፈረሱ ይረዝማል። ስድቡ ሥዕሉን ወለደ። ብዙው ሙስሊም የሚያውቀው ጀግናው ኢማምም እንደዚሁ የተወለደ ነው እላለሁ፤ ከአረብ ፈቂህ መጽሐፍ ይልቅ ከትምህርት ቤት እረፍት ሰዓት።

የሞቃዲሾው ሐውልትም የፖለቲካ ልጅ ነው። ሶማሊያ በ1960 ነፃ ከወጣች በኋላ አንድ ሕዝብ ለማለት የሚያገለግል ጥንታዊ ጀግና ያስፈልጋት ነበር፤ ኢማሙም ተገኘ። በ1977 ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነት ሲደረግ ስሙ ከሁለቱም ወገን ተጠራ፤ አንዱ ለማነሳሳት፣ ሌላው ለማስፈራራት። ከዚያ ወዲህ ሶማሌ ነበር፣ ሐረሪ ነበር፣ አርጎባ ነበር፣ አፋር ነበር የሚለው ክርክር ቆሞ አያውቅም። በፉቱህ ውስጥ ሌላ ግራኝ የተባለ አህመድ የሚባል የሶማሌ አለቃ ከኢማሙ ተለይቶ እንደሚጠቀስ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል፤ በክርክሩ ውስጥ ይህችን የሚያነሳ ሰው ብዙ አይገኝም። አረብ ፈቂህ የጎሳዎቹን ስም በዝርዝር ጽፏል፤ ሶማሌውንም፣ ሐርላውንም፣ ሌላውንም። ለኢማሙ ግን የሚሰጠው መለያ የሰዕድ አድ-ዲን ምድር ሰውነትን ነው። እሱ በኖረበት ዘመን ሰው ጎሳውን ያውቅ ነበር፤ ዛሬ እኛ የምንጣላበትን ብሔር የሚባለውን ነገር ግን አያውቅም ነበር። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ መታወቂያ ልናወጣለት እንሞክራለን።

ወጣቶች አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል፤ እና ኢማሙን እንውደደው ወይስ እንጥላው ይሉኛል። እኔ መልሼ መጽሐፉን አንብባችሁታል ወይ እላቸዋለሁ። አብዛኛው አላነበበውም። የሚጠሉትም አላነበቡትም። ፉቱህን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ሰውዬውን ጀግና ማለት አያቅተውም፤ ብልሃቱና ጽናቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያው ሰው የመካነ ሥላሴን ወርቅ ሲያይ የተደነቀውን፣ የሽምብራ ቁሬ ማግሥት ብቻውን የቀረውን፣ የሱልጣን አቡ በክርን ደም በእጁ የያዘውን አብሮ ያገኘዋል። እነዚህን ቆርጦ የሚያወጣ ሰው ወዳጅ ቢሆንም ጠላት ቢሆንም አረብ ፈቂህን አልታመነውም።

ከወይና ደጋ በኋላ የሆነውን ጨምሬ ላብቃ። ድል ወንበራ ከጥቂት ሰዎች ጋር አመለጠች፤ ልጇ ሙሐመድ ግን በገላውዴዎስ እጅ ወደቀ። የገላውዴዎስ ወንድም ሚናስ ደግሞ በ1539 በኢማሙ ተማርኮ ነበር። ኢማሙ በመልካም ሁኔታ ይዞት ከቆየ በኋላ በ1542 የቱርኮችን እርዳታ ሲለምን ከስጦታው ጋር ወደ የመን ልኮት ነበር። አሁን ድል ወንበራና የሚናስ እናት ንግሥት ሰብለ ወንጌል በመልእክተኛ መነጋገር ጀመሩ። አንዷ ባሏ የተገደለባት፣ ሌላዋ ባሏ በስደት የሞተባት ናቸው። ልጅ በልጅ ተለዋወጡ። ሚናስ በመርከብ ምጽዋ ደርሶ ወደ እናቱ ተመለሰ፤ ሙሐመድም ወደ ሐረር ወደ እናቱ። ድል ወንበራ በኋላ የኢማሙን የእህት ልጅ አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች። ኑር በ1559 ገላውዴዎስን በጦርነት ገደለ፤ ሚናስም ነገሠ። በሐረር ዙሪያ ዛሬም የቆመውን ጀጎልን ያስገነባው ይኸው ኑር ነው።